በሁለት መዝገብ ላይ የነበረ ስም

ሻለቃችን የፈረሰው ሰኞ ጧት ነው። ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው ካምፓችን ሜዳ ላይ ተሰልፈን ሳለ አዛዣችን ኮማንደር እንዳለው አንዲት ወረቀት ይዘው መጡ። ጦርነቱ ካበቃ ወራት አልፈው ነበር። እኛ የጠበቅነው የዕረፍት ፈቃድ ዝርዝር ነው፤ ብዙዎቻችን ቤተሰብ ካየን ዓመት አልፎናል።

«ልዩ ኃይሉ መልሶ ይደራጃል ተብሏል» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ጉደራ ሻለቃ የሚባል የለም። መጀመሪያ ቡሬ ካለው ከዘንገና ሻለቃ ጋር ትዋሐዳላችሁ። ከዚያ ከፊላችሁ ወደ መከላከያ፣ ከፊላችሁ ወደ ፌዴራል ፖሊስ፣ የቀራችሁት ወደ ክልል ፖሊስ ትደለደላላችሁ። ጥያቄ ያለው አለ?»

ማንም አልጠየቀም። ኮማንደሩ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ መልሰው አወጡት፤ የተሳሳቱት ነገር ያለ ይመስል እንደገና ለብቻቸው አነበቡት። ከፊቴ የቆመው ልጅ እጁን አንሥቶ ትከሻው ላይ ያለውን የሻለቃውን አርማ ሸፈነ። ሰልፉ «በተን» ከተባለ በኋላም ብዙ ሰው ከቆመበት ሳይነቃነቅ ቆየ።

እኔ ሳጅን ያምሮት እባላለሁ። የሻለቃው የሰው ኃይል መዝገብ ያዥ ነበርሁ። በእኔ መዝገብ አንድ ሰው ከሦስት አንዱን ይሆናል፤ በሥራ ላይ ያለ፣ የጠፋ፣ ወይም የተሰዋ። አራተኛ አምድ የለም።

በማግሥቱ መዝገቡን ይዤ ቡሬ ወረድሁ። የዘንገናው መዝገብ ያዥ ገነነ የሚባል ረጋ ያለ ሰው ነው። በአንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ጠረጴዛ አስቀምጠውልን ሁለቱን መዝገብ ወደ አንድ አዲስ መዝገብ እንድናዛውር ታዘዝን። እሱ ያነባል፣ እኔ እጽፋለሁ። እስከ ረፋዱ ድረስ እንዲህ ስንል ቆየን።

«ዘሚካኤል ሃይለ ሚካኤል ባዬ» አለ ገነነ።

እስክሪብቶዬ ቆመ። «እሱን ዝለለው። የእኛ ሰው ነው፤ ተሰውቷል። በስሕተት ወደ እናንተ ገብቶ ይሆናል።»

«ማን ነው የተሰዋው?»

«ዘሚካኤል። የዚሁ የቡሬ አገር ልጅ፤ የመሪጌታ ሃይለ ሚካኤል ልጅ።»

ገነነ ጣቱን ከስሙ ላይ ሳያነሣ ቀና ብሎ አየኝ። «ትናንት ሽሮ አብረን በላን እኮ» አለ።

የራሴን መዝገብ ገልጬ አሳየሁት። የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው። ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ የአያቱ ስም፣ የትውልድ ቦታው፣ ከፊት ለፊቱ ‹የተሰዋ›። ገነነም የእሱን ወደ እኔ አዞረው። ያው ስም፣ ያው ቦታ፤ ከፊት ለፊቱ ‹በሥራ ላይ›።

ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በፊት፣ በጥቅምት፣ በሰሜን በኩል በአንድ ተራራ ላይ በአንድ ቀን አሥራ አንድ ሰው አጥተናል። በማግሥቱ አስከሬን ስናነሣ ፊቱ የማይለይ አንድ ልጅ ከድንጋይ ሥር አገኘን። የለበሰው ጃኬት ኪስ ውስጥ የዘሚካኤል መታወቂያ ነበር። እዚያው ተራራው ግርጌ ካለች ቤተ ክርስቲያን ቀበርነው። በውጊያው ዕለት ገብረሰንበት የሚባል የጢስ ዓባይ ልጅም አልተመለሰም፤ ሬሳው ስላልተገኘ ‹የጠፋ› ብዬ መዘገብሁት።

የዘሚካኤልን መርዶ ያደረስሁትም እኔ ነኝ። መንደራቸው ከቡሬ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። የደብሩን አለቃና ሦስት ሽማግሎች ይዤ ጎሕ ሲቀድ ደረስን። እናቱ እማማ ሰርካለም ከደጅ ቆመው ስንመጣ አዩን። በዚያ ሰዓት ሰው ለደግ ነገር እንደማይሰበሰብ ያውቃሉና፣ እኛ አንድ ቃል ሳንተነፍስ እሳቸው መሬት ላይ ተቀመጡ።

ገነነ ተነሥቶ ወደ መጋዘኑ ጀርባ ወሰደኝ። አንድ ሰው ከመኪና ላይ የውኃ ጀሪካን ያወርዳል። ከሳ ብሏል፤ ጢም አውጥቷል። ሲያየኝ የያዘውን ጀሪካን ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። አልሸሸም።

«ሳጅን» አለኝ።

«ዘሚካኤል ነህ?»

«ነኝ።»

ክንዱን ያዝሁት። ይሞቃል፤ አልቦታል። የሞተ ሰው ሲገኝ ደስ ይላል ይባላል፤ እኔ የመጣብኝ ደስታ አልነበረም። ጀሪካኑ ላይ ተቀመጥሁ።

«ገብረሰንበት እግሩን ተመትቶ ነበር» አለ ሳልጠይቀው፣ መሬት መሬት እያየ። «ብርድ ብርድ ሲለው ጃኬቴን አልብሼው ‹ቃሬዛ ይዤ እመጣለሁ› ብዬው ወጣሁ። ትንሽ እንደራቅሁ ቦታው በከባድ መሣሪያ ተመታ። አልተመለስሁም። ቁልቁል ሮጥሁ። ዘንገናዎች መንገድ ላይ አገኙኝ። ሰው አልቆባቸው ነበርና ከየት መጣህ ያለኝ የለም፤ ስሜንና የትውልድ ቦታዬን ብቻ ጻፉ።»

«ቤተሰቦችህስ? እንዴት ዝም ትላለህ?»

«ስልክ ተቋርጦ ነበር። የተለቀቀ ጊዜ ደወልሁ። ጎረቤታችን አነሣች። ማንነቴን ሳልነግራት የመሪጌታን ቤት ደኅንነት ብጠይቃት ‹የልጃቸውን ተዝካር እየደገሱ ነው፤ ጀግና ሆኖ ነው የሞተው› አለችኝ። ዘጋሁት። የሞተው ዘሚካኤል ጀግና ነው፣ ሳጅን። በሕይወት ያለው ግን ጓዱን ጥሎ የሮጠ ነው። የትኛው ይሻላቸዋል ብዬ አሰብሁ። እያሰብሁ ጊዜው ሄደ። ቡሬ ከገባን ወዲህም ከካምፕ አልወጣሁም።»

ለኮማንደር እንዳለው ደውዬ ነገርኋቸው። «ወደ ቤተሰቦቹ ውሰጅው። መዝገቡ ይቆያል» አሉ።

ከሰዓት በፊት መንገድ ጀመርን። ገበሬው ማሳው ላይ ነው፤ ለበቆሎ የሚያርስበት ወቅት ነበር። ግማሽ መንገድ እንደሄድን ዘሚካኤል «እናቴ እንዴት ናት?» አለኝ።

«አላውቅም» አልሁት። «ከዚያ ቀን ወዲህ ተመልሼ አልሄድሁም።» ይህን ስናገር አፈርሁ። መርዶ ያደረስሁባቸው ሌሎች ሰባት ቤቶችም ነበሩ፤ አንዳቸውም ጋ ተመልሼ አላውቅም።

ከመንደሩ ጫፍ የሚያርስ አንድ ሰው አየን። ዘሚካኤልን ሲያይ በሬዎቹን አቆመ። አማተበ። ከዚያ ጅራፉን መሬት ላይ ጥሎ፣ በሬዎቹን እንደ ጠመዳቸው ትቶ፣ በማሳው መካከል እየተደናቀፈ ወደ ቤቶቹ አቀና። አልጠራንም፤ አልጮኸም።

መሪጌታ ሃይለ ሚካኤል ከቅዳሴ ወጥተው በደጀ ሰላሙ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው።

«አንቺን አውቅሻለሁ» አሉ። «ዛሬ ደግሞ የማንን አመጣሽ?»

ዘሚካኤል ከኋላዬ ነበር። ፈቀቅ አልሁ። «አባቴ፣ ያን ቀን የነገርኋችሁ ልክ አልነበረም» አልሁ።

ሽማግሌው ዓይን እንደሌለው ሰው እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን ፊት ዳሰሱ። ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ ጢሙን። መቋሚያው ከእጃቸው ወድቆ ድንጋይ መታ፤ አላነሡትም። «ልጄ ነው» አሉ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ።

«እናቴስ?» አለ ዘሚካኤል።

«አረፈች።»

«መቼ?»

«በጥር። መርዶህ በመጣ በሦስተኛው ወር። እህል አልወርድላት አለ።»

ዘሚካኤል በቆመበት ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈ። «የደወልሁት በታኅሣሥ ነው» አለ። አባትየው አልገባቸውም፤ እኔ ገብቶኛል። በደወለ ጊዜ እናቱ አሉ። ስሙን ቢናገር ኖሮ ይሰሙት ነበር። ደጋግሞ «በታኅሣሥ ነው» አለና አጥሩ ሥር ተጣጥፎ ተቀመጠ። እንባ አላየሁበትም።

መንደርተኛው እየመጣ ራቅ ብሎ ቆመ። እልል የሚል የለም፤ የሚያለቅስም የለም። ሰዉ ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም ነበር። ዘሚካኤል በመሬቱ ላይ እንደተቀመጠ የጃኬቱን፣ የሩጫውን፣ የስልኩን ነገር ሁሉ ለአባቱ ነገራቸው። ሳያቋርጡ ሰሙት። ልጃቸውን ይረግሙ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር።

«አንድ ነገር ንገሩኝ» አሉ መሪጌታ ሲጨርስ። «በልጄ ስም ፍትሐት የፈታሁለት፣ አርባ ቀን ሙሉ ዘሚካኤል እያልሁ የጸለይሁለት ገብረሰንበት፣ ቤተሰቦቹ መሞቱን ያውቃሉ?»

ወደ እኔ ዞሩ። ይህን ጥያቄ ከመጋዘኑ ጀምሮ ስሸሸው ነበር።

«አያውቁም» አልሁ። «የጠፋ ብዬ ነው የጻፍሁት። ይጠብቁታል።»

«እንግዲህ እኔ ቤት ያለው ሞተ ተባለ፤ እነሱ ቤት የሞተው አለ ተባለ።» ጎንበስ ብለው መቋሚያቸውን አነሡ። «ነገ እንሄዳለን።»

«እርስዎ ይረፉ፣ አባቴ። መንገዱ ሩቅ ነው፤ እኔ እነግራለሁ።»

«አንቺ መናገሩን ነው የምታውቂ፣ ልጄ። መርዶ እንዴት እንደሚሰማ የማውቅ እኔ ነኝ።»

በማግሥቱ ሦስታችን ከቡሬ አውቶቡስ ይዘን ባሕር ዳር ገባን፤ አድረን ጢስ ዓባይ ደረስን። ገብረሰንበት ያለው ዘመድ ታላቅ እኅቱ አቻምየለሽ ብቻ ናት። ወላጆቻቸው ቀድመው ስላረፉ ያሳደገችው እሷ ነች። ከመሪጌታና ከሰፈሩ ሽማግሎች ጋር ስንገባ የእኔን የደንብ ልብስ አየችና ፊቷ በራ።

«አውቄው ነበር» አለች። «ሻለቃው ከሌላ ሻለቃ ጋር ተቀላቀለ ሲባል ሰማሁ። ሰው ሲቆጠር የጠፋው ይገኛል፤ አሁን ያለበትን ይነግሩኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር። የት ተመደበ?»

መሪጌታ ጠጋ ብለው አጠገቧ ተቀመጡ። «ልጄ፣ ወንድምሽን ቀብረነዋል» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በስም ተሳስተን ነው ያልነገርንሽ። አፈር ለብሷል፤ ጸሎትም አልተጓደለበትም። እኔ ልጄ መስሎኝ ጸልዬለታለሁ።»

አቻምየለሽ አንድ ጊዜ እሳቸውን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየች። ፈገግታዋ ከፊቷ ገና አልጠፋም ነበር፤ የሚሄድበት ያጣ ይመስል እዚያው ቀረ። ያን ፊት እስክሞት አልረሳውም።

ዘሚካኤል ከበሩ አጠገብ እንደቆመ የሆነውን ሁሉ ተናገረ። ራሱን ለማዳን የቀነሰው ነገር አልነበረም። ስትሰማው ቆይታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ስትሄድ ጠርቶህ ነበር?»

«ጠርቶኛል» አለ።

ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ በሩን ዘጋች። ልቅሶው የተሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ጎረቤቶች ገቡ። መሪጌታ ለዘሚካኤል ወደ ውጭ እንዲወጣ በእጃቸው ምልክት ሰጡት።

ከገነነ ጋር መዝገቡን በሳምንቱ ጨረስነው። የሁለቱም ሰዎች ስም አጠገብ እርማት ጻፍሁና ፈረምሁ። ሰዎቻችን በሦስት ተከፍለው በመኪና ተጭነው ወደየተመደቡበት ሄዱ። እኔ ፍኖተ ሰላም ፖሊስ ደረሰኝ። ዘሚካኤል ወደ የትኛውም አልገባም፤ ትጥቁን አስረክቦ አባቱ ዘንድ ተመለሰ። ያርሳል፤ ከሰው ጋር ብዙም አያወራም ይሉኛል።

በሰኔ የገብረሰንበት አጽም ከተራራው ግርጌ መጥቶ በጢስ ዓባይ ተቀበረ። መሪጌታ ከቡሬ ድረስ መጥተው ከካህናቱ ጋር ፍትሐቱን በራሱ ስም አደረሱለት። ዘሚካኤልም መጥቶ ነበር፤ ግን የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር አላለፈም። አቻምየለሽ ስትገባ በፊቱ አለፈች። ግባም አላለችው፣ ሂድም አላለችው።

ዝናብ ማካፋት ጀመረ። እኔ ውስጥ ከሕዝቡ ጋር ቆሜ ነበር። ትንሽ ቆይቼ ወጣሁና እሱ ካለበት ሄጄ አጠገቡ ቆምሁ።