ያልተፈታው ቋጠሮ

ሎሚ ባሕሩን ተሻግራ ሰው ቤት ልትቀጠር ነው። እስከዚያው በወደቡ ከተማ ቡላኦስ ሰፈር ወዳለው የአባቴ የጨርቅ ሱቅ እየመጣች እንግሊዝኛ አስተምራት ነበር። ባለፈው ሳምንት «ኪፕ» የሚለው ቃል ላይ ደረስን። ማስቀመጥ፣ መያዝ፣ መጠበቅ፣ ቃል ማክበር፣ ሳያቋርጡ መሥራት እያልኩ ዘረዘርኩላት።

«ይሄ ሁሉ ሥራ ለአንድ ቃል? እንደኔ የቤት ሠራተኛ ነው በይኛ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። «የምትቀጥረኝ ማዳም ፓስፖርትሽን ኪፕ አደርጋለሁ ብላለች። ትጠብቅልኛለች ነው ወይስ ትይዝብኛለች?»

«አላውቅም» አልኳት።

በማግስቱ ፓስፖርቷን ይዛ መጣች። «ልሂድ አልሂድ እስክቆርጥ አንቺ ጋ ይቀመጥ፣ ሳብሪንዬ።»

እኛ ሱቅ አደራ ስንቀበል ከጣቃ ላይ ቀጭን ቅዳጅ እናወጣለን። ግማሹን አደራው ላይ፣ ግማሹን ባለቤቱ እጅ ላይ እናስራለን። ባለቤቱ መምጣት ካልቻለ ፈትቶ በሰው ይልከዋል፤ ቅዳጁን ላመጣ ሰው አደራው ይሰጣል። አያቶቼ ከድሬዳዋ ይዘውት የመጡት ልማድ ነው። አረንጓዴውን ቅዳጅ ሎሚ እጅ ላይ ያሰርኩት እኔው ነኝ።

ዛሬ ቀትር ላይ፣ የዕለቱ ጫት ወደ ገበያ ሊገባ ሲል፣ አባቴ ወጥቶ ብቻዬን ነበርኩ። ሎሚን ባሕር ማዶ የሚልካት ደላላ ጫላቸው ገባና ቅዳጁን ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

«እህቴ፣ ሎሚ ልካኝ ነው። መኪና ውስጥ ናት። ፓስፖርቷን ወዲህ በይ፣ ጀልባው አይጠብቅም።»

እጄ ወደ መሳቢያው ሄደ። ሰውን እምቢ ማለት አልችልበትም። ቅዳጁን ሳነሳው ግን ቋጠሮዬ እንዳለ ነው፤ ከጎኑ በስለት ተቆርጧል። ጫፉን ደም ነክቶታል።

እጄን ከመሳቢያው መለስኩ።

«ምን ያፈዝሻል?»

«እሷ... ራሷ ትምጣ።»

«አልሰማሁም! የነጋዴ ልጅ አፍ የላትም እንዴ?»

«ፈትታ አልላከችውም። ራሷ ትምጣ።»

ፈገግ አለና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «አባትሽ መቼ መቼ እንደሚወጣ አውቃለሁ።»

መሳቢያውን ቆለፍኩ። ቁልፉን በእፍኜ ጨበጥኩት። ጠረጴዛውን ዞሮ ሲመጣ አፌ በራሱ ተከፈተ።

«ኻሊዳ! ኻሊዳ!»

ኻሊዳ በራችን ላይ ጫት የምትሸጥ ሴት ናት። ድምፄን ሰምታው የምታውቅ አይመስለኝም። በርጩማዋን እንደያዘች ገባች፤ ጫት ሲጠብቁ የነበሩት ወንዶች ከኋላዋ ተግተልትለው በሩን ሞሉት። በሶማሊኛ፣ በአረብኛ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ምን ሆነ ይላል። ጫላቸው ትከሻውን እያጠበበ በመሃላቸው ሹልክ ብሎ ወጣ። ሎሚ በግርግሩ ተይዛበት ከነበረው መኪና አምልጣ፣ ቅዳጁ የነበረበትን እጇን በሻርፕ ጠቅልላ፣ እየሮጠች ገባች።

ሰዉ ሲበተን ጠረጴዛው ሥር ተቀመጥን።

«ፓስፖርቴስ?»

«አለ።»

ቁልፉን ልሰጣት ፈለግኩ፤ ጣቶቼ ግን አልዘረጋ አሉኝ። በደህና እጇ አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። «ልቀቂው፣ ሄዷል» አለችኝ።

ውጭ አንድ መኪና ጡሩምባ ነፋ። ሁለታችንም አንገታችንን ቀበርን።