ሦስተኛው ጥቅል

አንድ ወረቀት ብቻ ነው የምትፈልገው፣ ማኅተም ያለው፣ ላስቲክ በራሱ ጊዜ ይበጠሳል፣ የሰው ጥፋት አይደለም የሚል፣ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ፣ ነገ ከዙህር ሶላት በፊት ቶጎጫሌ ሽማግሌዎቹ ፊት የሚቀመጥ፣ ከዚያ ባሏ ረዲ ከፖሊስ ጣቢያ ይወጣል፣ ቤቱ ይገባል፣ አለቀ። ይሄ ብዙ ነው? ብዙ አይደለም። ኢስራ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ልጇ ነስራ ደረቷ ላይ ተኝታለች፣ ስምንት ወሯ ነው፣ አዳራሹ ይቀዘቅዛል። መድረኩ ላይ የተሰቀለውን ጨርቅ ፊደል በፊደል ታነባለች፣ የቁሶች፣ ቀጥተኛ ያልሆነ፣ የመለጠጥ ባህርይ፣ እስከ አራተኛ ክፍል የተማረ ሰው ያነበዋል፣ ይገባዋል ግን ማለት አይደለም።

ያመጣቻት ላዳን ናት። ላዳን እዚሁ ትማራለች፣ ገበያ እየመጣች ከኢስራ ላስቲክ ትገዛለች፣ ኢስራ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ውስጥ የሚወጣውን ላስቲክ በቢላ ሸንሽና፣ ጠቅልላ፣ ለጭነት ማሰሪያ የምትሸጠውን፣ ምን ታደርጊበታለሽ ስትባል ትስቃለች፣ እናሰቃየዋለን ትላለች፣ ማሽን ላይ ወጥረን እስኪጮህ። ረዲ ታሰረ ሲሏት ግን አልሳቀችም። ጉባኤው ጠዋት በእንግሊዝኛ ነው፣ ከሰዓት ለሹፌርና ለጫኝ በአማርኛ ነው፣ ነይ እህቴ፣ ዶክተሩን ራሱን ጠይቂው፣ ያንቺን ላስቲክ እኮ ነው የለጠጠው።

ሐሙስ ነው የሆነው። ረዲ አይሱዙ ላይ ወጥቶ የሩዝ ጆንያ እያሰረ፣ ሱጉሌ፣ የመኪናው ረዳት፣ ከታች ቆሞ፣ ላስቲኩ ከቋጠሮው ስር ብጥስ፣ ጫፉ እንደ አለንጋ ተመልሶ ዐይኑን፣ ቀና ባይል፣ ምነው ቀና ባይል፣ የግራው ከእንግዲህ አያይም አለ ሐኪሙ፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሀጂ ዐቦኮር፣ ቁራጩን አገላብጠው አዩት፣ ወርያ ረዲ፣ ከቋጠሮ ስር የሚበጠስ ላስቲክ አላዋቂ የቋጠረው ነው፣ አሉ፣ አስራ አንድ ዓመት ጭነት ላሰረ ሰው። ምሳ ይዛለት ስትሄድ የፌስታሉን ክር ጣቱ ላይ ይቋጥራል ይፈታል፣ ይቋጥራል ይፈታል። ምን እየሆንክ ነው? እጄን እያየሁት ነው፣ ኢስራ፣ በየት በኩል እንዳዞርኩት ጠፋኝ። ነገ ጥፋቱ የእጁ ነው ካሉ ከጣቢያ አይወጣም፣ ቢወጣም ጭነት የሚያስነካው የለም፣ የጫኝን እጅ ካላመኑት ምኑን ያምኑታል፣ ከሁሉ የባሰው እሱ ራሱ አላመነውም።

ዶክተር ዐብዲፈታህ ማይኩን ይይዛል። ቀጭን ነው፣ መነጽሩ አፍንጫው ላይ አይረጋም። የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ ብረት በልኩ ስትስቡት የሚለጠጠው ከጉልበታችሁ ጋር ተመጣጥኖ ነው፣ እጥፍ ከሳባችሁት እጥፍ ይረዝማል፣ ላስቲክ እንደዚያ አይደለም፣ መጀመሪያ እሺ ይላል፣ ቀጥሎ ይግደረደራል፣ በመጨረሻ ጭራሽ እምቢ ይላል። አማቴን ታውቃታለህ እንዴ ዶክተር፣ ይላል ከኋላ አንድ ሹፌር፣ አዳራሹ ይስቃል፣ ኢስራም ልትስቅ ትላለች፣ አፏ አይታዘዛትም። ይሄን እሷም ታውቀዋለች፣ እጇ ያውቀዋል፣ ረዲ የሚቋጥረው እኮ እምቢ ሲለው ነው፣ ጻፍልኝ፣ ይችን ብቻ ጻፍልኝ።

ግድግዳው ላይ ሦስት መስመር ይበራል። ከጅግጅጋ ገበያ፣ ከአንዲት ሻጭ፣ በተለያየ ጊዜ የገዛናቸው ሦስት ጥቅሎች ናቸው፣ ይላል። አንዲት ሻጭ እኔ ነኝ። ሁለቱ መስመሮች ጎን ለጎን ሄደው ሄደው ሽቅብ ይወጣሉ። ሦስተኛው ከስር ይጋደምና መሃል ላይ ቁርጥ። ሦስተኛው ጥቅል እምቢ ማለት ሳይጀምር፣ ከግማሽ ባነሰ ጉልበት ተበጥሷል፣ ጎማው አንድ ዓይነት ነው፣ እርጅና አይደለም፣ ፀሐይም አይደለም፣ አብጧል፣ ላልቷል፣ ነዳጅ ነክ ነገር ሳይነካው አልቀረም፣ ምን እንደሆነ ግን አላረጋገጥንም።

ነጭ ጋዝ።

ነጭ ጋዝ ነው፣ ዶክተር። ድሮ ላስቲኩን በብሩሽና በዱቄት ሳሙና ነበር የምትፈትገው፣ ግማሽ ቀን፣ ነስራ ስትወለድ ግን፣ ሕፃን አዝሎ ጎንበስ ቀና፣ ወገቧ ተቆረጠ፣ ከዚያ፣ በቅርቡ፣ ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ጠዋት ግሪሱ ልቅቅ ይላል፣ ላስቲኩ ጥቁር፣ የሚያበራ፣ አዲስ የሚመስል፣ ገዢውም ወደደው። ረዲ አሽትቶት ሳቀ፣ ሽቶ ቀባሽው እንዴ? ሐሙስ ጠዋት ከሁሉ የሚያምረውን መርጣ ሰጠችው። መርጣ። እጁ ምንም አላደረገም፣ እጁ ንጹሕ ነው፣ ያ ረቢ፣ የሱጉሌን ዐይን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ጓዳዬ ውስጥ፣ ልጄን እሹሩሩ እያልኩ።

ዝም ብትልስ። ማን ያውቃል፣ ላዳን እንኳ አታውቅም፣ ዶክተሩም አላረጋገጥንም አለ፣ አላረጋገጥንም የሚል ወረቀት ግን ሀጂ ዐቦኮር ፊት ምን ያደርጋል፣ ረዲን አያስፈታም። ብትናገር እሷን ይይዛሉ፣ ነስራ ጡት አልጣለችም፣ ለማን ይሰጧታል፣ የሱጉሌ እናት ገበያ መሃል ምን ትላታለች፣ ምን ብላ ትመልስላታለች። ዝም ብትል ረዲ ዕድሜ ልኩን ጣቱን ሲያይ ይኖራል፣ እሷ አጠገቡ ተኝታ።

ሰዓት ስለገፋ ጥያቄ በጽሑፍ ብቻ እንቀበላለን፣ ይላል መድረክ መሪው። ላዳን ቁራጭ ወረቀትና እርሳስ ታቀብላታለች፣ ጻፊ፣ በደንብ ጠይቂው። ኢስራ ጉልበቷ ላይ ታስደግፋለች፣ ወረቀቱ ይጎደጉዳል፣ ሦስተኛውን፣ በነጭ ጋዝ፣ ነው ያጠብኩት፣ ስሟን አትጽፍም፣ ስም ምን ያደርጋል፣ ነገሩን ካወቀው ይበቃል፣ አይደል፣ አጣጥፋ ከፊቷ ላለው ሰው ትሰጣለች፣ እሱ ከፊቱ ላለው፣ ወረቀቷ ከእጅ ወደ እጅ ስትሄድ ታያለች፣ መልሱልኝ ማለት ይቻላል፣ አሁንም ይቻላል፣ አሁን ግን አይቻልም፣ መድረክ መሪው ጋ ደርሳለች።

አንድ ያነባል። ሁለት ያነባል። ከዚያ የእሷን፣ ወደ መብራቱ ያነሳታል፣ ይሄ አልተነበበልኝም፣ እርሳሱ ደብዝዟል፣ ጸሐፊው ካለ በቃሉ ይንገረን፣ ካልሆነ እናልፋለን።

እናልፋለን። እለፈው። አንድ ቃል ነው፣ እለፈው፣ ነገ ሌላ ዘዴ፣ ሌላ ሰው፣ እግሯ ግን ቆሟል፣ መቼ ነው የቆመችው፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያታል፣ ማይክ ከየት መጣ፣ የራሷን ድምፅ ከግድግዳው ትሰማዋለች፣ የኔ ነው፣ ሻጯ እኔ ነኝ፣ ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፌው ነው፣ እንደሚያበላሸው አላወቅሁም፣ ወላሂ አላወቅሁም፣ ባሌ በደንብ ነው ያሰረው፣ ቶጎጫሌ የሰው ዐይን ጠፍቶ እሱ ታስሯል፣ እሱ በደንብ ነው ያሰረው፣ ይሄን ጻፉልኝ ዶክተር፣ ለሽማግሌዎቹ፣ የኔን ስም አድርጋችሁ።

ዶክተሩ መነጽሩን ያወልቃል። ቁጣ ትጠብቃለች፣ ቁጣ አይመጣም። እጽፍልሻለሁ እህቴ፣ ዛሬውኑ፣ አንቺ ግን አንድ ነገር ንገሪኝ፣ እንደዚያ አድርገሽ ስንት ጥቅል አጠብሽ?

ዘጠኝ።

የት ናቸው?

አማቴን ታውቃታለህ ያለው ሹፌር አሁን አይስቅም፣ ተነስቶ ስልኩን አውጥቷል፣ ማን ማን ጋ ነው፣ ስም ጥሪልኝ እህት፣ መንገድ ላይ ያሉትን ልደውልላቸው። ዘጠኝ፣ አንዱ እናንተ ጋ ነው፣ አንዱ የረዲ፣ ሁለቱን የአዲጋላው ሹፌር ወሰደ፣ አንዱ የጉናጋዶው ሚኒባስ፣ ጣሪያው ላይ የውሃ በርሜል ያስራል፣ ሰው እስኪሞላ ሴቶቹ ከነልጆቻቸው በሩ ስር ቆመው ይጠብቃሉ፣ ላዳን ትጽፋለች፣ ቀጥዪ ኢስራ፣ ሦስቱን ፋርቱን ወሰደች፣ የአህያ ጋሪ ያላት፣ ለልጆቿ አካፍላ፣ ስንት ሆነ፣ ስምንት፣ ዘጠነኛው፣ ዘጠነኛውን አንድ ሰው ነው የገዛው፣ ሮብ፣ ከሰዓት፣ ነስራ ታለቅስ ነበር፣ እያባበለቻት፣ አንገቷን ደፍታ፣ እጁን ዘረጋ፣ ሰጠችው፣ ሄደ፣ ቀና ብላ አላየችውም፣ ፊቱን አላየችውም፣