ቀላሉ ምንሽር

ባሌ ባዬ በዚህ ዓለም ሁለት ነገር ይወዳል። አንደኛው ጠመንጃ ነው፤ ሁለተኛዋ እኔ ነኝ እያልሁ ራሴን ሳጽናና ኖሬአለሁ።

የቡሬው ሐኪም ልብህ ደክሟል፣ ከባድ ነገር እንዳታነሳ ሲለው እርሻውን ለእኩል አራሽ ሰጠ። ጥበቃውን ግን ማን ይውሰድበት! ከማሳችን ሥር ካለው ገደል እየወጣ በቆሏችንን የሚያወድም ከርከሮ ነበር፤ የአባቱ ረጅም ምንሽር ደግሞ ገና ከትከሻው ሳይደርስ ትንፋሹን ይቆርጠዋል። ስለዚህ አጭርና ቀላል ጠመንጃ ልምረጥ አለ። እኔም አብሬው ሄድሁ፤ ባዬ ጠመንጃ ካየ ልቡ እንደሚሸፍት አውቃለሁ።

ፍኖተ ሰላም ከተማ ክንፈሚካኤል የሚባል ጠመንጃ ጠጋኝ አለ። ቁርበት አንጥፎ መጀመሪያ ክላሽ አቀረበ። ባዬ ይህማ ጥይት መዝሪያ እንጂ ማደኛ አይደለም ብሎ መለሰለት። ሁለተኛው አፈ ሙዙ አጭር ሆኖ ሰደፉ ረዘመበትና ጉንጩ ላይ ሊያስጠጋው ሲል ጋቢው ውስጥ ተወተፈ። ሦስተኛውን ባዬ ራሱ ከግድግዳው ላይ አየው፤ ሰደፉ በላም ቆዳ የተጠፈረ አጭር ምንሽር። የተሰቀለው አፈ ሙዙ ወደ ታች ሆኖ ነበር።

በእኛ አገር ጠመንጃ አፈ ሙዙ ወደ ታች የሚዘቀዘቀው ባለቤቱ ሲሞት ነው። ለቅሶው ላይ እንደዚያ ተይዞ ይዞራል፤ ሙሾው ሲያልቅ አፈ ሙዙ ቀና ይላልና አዲሱ ባለቤት ይረከበዋል። እናም የማን ነው ብዬ ጠየቅሁ። ክንፈሚካኤል ስለ አነጣጠሩ ማውራት ጀመረ፤ ደግሜ ብጠይቀው ጊዜ የምናለ ነው አለ። ምናለን እናውቀዋለን። ከእኛ ገደል ማዶ የሚኖር፣ አምና ለድኩላ ወጥቶ የቀረ ሰው ነው። ጠመንጃው ከዋንዛ ግንድ ላይ ተደግፎ ተገኘ፤ እሱ ግን አልተገኘም፣ አልተለቀሰለትምም።

ባዬ በአንድ እጁ አነሳውና ፊቱ በራ። ላባ ነው አለ። ተቀበልሁት፤ እንደ ዘነዘና ከበደኝ። ክንፈሚካኤልም ከእጄ ሲወስደው አቃሰተ።

"ያልተለቀሰለት ሰው መሣሪያ እጅ አይለውጥም" አልሁት ባዬን።

"ያምሮት፣ ለዚህ ልቤ የቀለለው ይኸ ብቻ ነው" አለኝ።

በልቡ መጣብኝ። ይዘነው ተመለስን።

በማግስቱ ከርከሮ ጣለ። ከደጅ እስከ አጥሩ ሳያርፍ መሄድ ያቃተው ሰው ገደሉን ዞሮ ትንፋሹ ሳይቆረጥ ይገባ ጀመር። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ። ሰው ደስታ ሲያገኝ ከየት መጣህ አይለውም።

አንድ ቀን ምሳ ይዤለት ወረድሁ። ባዬ በገደሉ አፋፍ ይሄዳል። የያዘው ሰደፉን ብቻ ነው፣ ያውም በጣቶቹ ጫፍ። አፈ ሙዙ ግን ከፊቱ አየር ላይ ቀጥ ብሏል። ቃሬዛ ከኋላ እንደያዘ ሰው ፊተኛውን ይከተላል፤ ፊተኛው ግን የለም። ድንጋይ ላይ ሲደርሱ መጀመሪያ አፈ ሙዙ ከፍ አለ፣ ቀጥሎ ባዬ እግሩን አነሳ። ምሳው ከእጄ ወደቀ።

ስጠራው ዞረ። አፈ ሙዙ በቀስታ ወርዶ ሣሩ ላይ አረፈ።

"አየሽ ማለት ነው" አለኝ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቅ ኖሯል። "ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ምናለ ፊቱን ይይዝልኛል።"

"ወዴት ነው የሚወስድህ?"

በአገጩ ገደሉን አመለከተኝ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ ጫፉ ይቀርባል አለ። እንዳልፈራም ነገረኝ፤ ምናለ አይቸኩልም። እኔን ያስፈራኝ ይህ አለመቸኮሉ ነበር።

ሳልውል ሳላድር ማዶ ተሻግሬ የምናለን ሚስት ታንጉትን አገኘኋት። ጥቁር አልለበሰችም፤ ጠጉሯን ቅቤ ተቀብታ ተሠርታለች። ነገሩን ስነግራት በቆመችበት ቁጭ አለች።

"ለእኔም ቀሎኝ ነበር" አለችኝ። "ለዚያ ነው ፍኖተ ሰላም ድረስ የሰደድሁት። እናንተ መልሳችሁ አመጣችሁብኝ።"

ለቅሶውን እንድታወጣ ለመንኋት። ካለቀስሁለት እኔው ገደልሁት ማለት አይደለም ወይ ብላ ተቆጣች። የኔው ገና በሕይወት አለ፣ ያንቺው እንዳይወስድብኝ አልኋት። ተነሥታ ጎረቤቶቿን አስጠራች።

ለቅሶው ቀን ጠመንጃውን የምናለ ወንድም ሊቀበል ቢመጣ ባዬ አልሰጥም አለ። ሲይዝልኝ የከረመ ሰው ነው፣ ዛሬ እኔ እይዝለታለሁ ብሎ አፈ ሙዙን ወደ ታች ዘቅዝቆ መዞር ጀመረ። ታንጉት ለመጀመሪያ ጊዜ "ምናለ ወንድሜ" ብላ ስትጮህ የባዬ ክንድ ወረደ፤ አፈ ሙዙም መሬቱን መታው። ከበደው። እንዲተወው በእጄ ምልክት ሰጠሁት፣ አላየኝም። በሁለት እጁ አንስቶ፣ ከንፈሩ እየጠቆረ፣ ሙሾው እስኪያልቅ ዞረ። መጨረሻ ላይ ቀና ሲያደርገው ታንጉት እንባዋን እየጠረገች አሁን የእናንተ ነው አለች።

ወደ ቤት ስንመለስ ጠመንጃውን እኔ ያዝሁት፤ ሰደፉን ወደ ኋላ አድርጌ ትከሻዬ ላይ አጋደምሁት። ከበደኝ፣ በክብደቱም ደስ አለኝ፤ ሟቹ ለቀቀን ማለት ነው። ባዬ ቅደሚ ብሎኝ ከኋላ ይከተላል። ትንፋሹ ይሰማኛል። ዳገቱን ስንጀምር ከእንግዲህ በቆሎ በወንጭፍ ነው የምትጠብቀው እያልሁ ስነዘንዘው ቆየሁ፤ መልስ ባይሰጠኝም ዱሮም አይመልስም።

ዳገቱ መሀል ላይ ጠመንጃው ቀለለኝ። ሰው ከኋላዬ ሰደፉን የተቀበለኝ ያህል ቀለለኝ።

ተናደድሁ። "ተው ባዬ፣ እንዳታነሳ ተብለሃል። ልቀቀው" አልሁት ሳልዞር።

አልለቀቀም።

ዞርሁ። ከኋላዬ ማንም የለም። ባዬ ከታች፣ ዳገቱ ከሚጀምርበት፣ ዛፍ ተደግፎ ተቀምጧል፤ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል።

ሮጬ ወረድሁ። ጆሮዬን ደረቱ ላይ አስጠጋሁ፣ እጁን አሸሁ፣ ከያዝሁት ቅል ውሃ ፊቱ ላይ ረጨሁ። ያ የሳሳሁለት ልብ ጭጭ ብሏል። ምናለ ይዞለት የነበረውን ክብደት በባሌ እጅ ላይ የጫንሁት እኔ ነኝ፤ ላድነው ብዬ።

ወጉን አውቃለሁ። አፈ ሙዙን ወደ ታች ዘቅዝቄ፣ ስሙን ጠርቼ መጮህ ነበረብኝ። ተነሥቼ ጠመንጃውን ያዝሁ፤ አፌንም ከፈትሁ።

ጠመንጃው በእጄ ላይ ገና ላባ ነበር፤ ባዬ አልለቀቀውም።

አፌን መልሼ ዘጋሁት።