የቦራ እንገር

ዋልልኝ ገመዱን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ፣ ተረከዙን ጭቃው ውስጥ ተክሎ ወደ ኋላ ተንጋለለ። ጊደሯ ቦራ በጎኗ ተኝታ አቃሰተች። የመጀመሪያ ወሊዷ ነው። ከጥጃው የወጣው አንድ የፊት እግር ብቻ ነው፤ ከጎረቤቱ ከሞላ ጋር ከማለዳ ጀምሮ የሚጎትቱት ያንኑ ነው።

"ሳብ እንጂ አንተ" አለ ሞላ። "ወንዛዬ ፍል ውኃ ላይ ሙሉ በሬ ቀቀልሁ ያልህ ሰውዬ እንዴት አንድ ጥጃ ያቅትሃል?"

"በሬው እሺ ብሎኝ ነዋ የገባው።"

ዋልልኝ እንዲህ ነው። ሐሙሲት ገበያ ላይ አፉን ከከፈተ፣ ሻጩ ጤፉን ለዶሮ ትቶ ይሰማዋል። ዛሬ ግን ቀልዱ ከዚያ አላለፈም። የቦራም እናት የሞተችው እንዲሁ እሷን ስትወልድ ነው። ቦራን በጡጦ ያሳደገቻት ሚስቱ ፈንታነሽ ናት፤ በግቢያቸውም ከቦራ ሌላ ላም የለም። አሁን ፈንታነሽ የጊደሯን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አድርጋ ግንባሯን ታሻለች።

የተጠራችው የእንስሳት ሐኪም ትዕግሥት ቦቲዋን በጭቃ ለውሳ ደረሰች። ክንዷን በሳሙና ታጥባ እጇን አስገባችና፣ ዓይኗን ጨፍና ዳበሰች።

"ጋሼ ዋልልኝ፣ ገመዱን ያላሉት። ሌላኛው እግር ወደ ኋላ ታጥፏል። እንዲህ ከጎተታችሁት እናቲቱም ትቀደዳለች።"

ከዚያ ጥጃውን ወደ ውስጥ ትገፋው ጀመር።

"ኧረ ሰዎች፣ እየመለሰችው ነው" አለ ሞላ። "ደጃፍ የደረሰ እንግዳ ይመለሳል እንዴ?"

"አንድ እግሩን ረስቶ ነው የመጣው፤ ሄዶ ይዞት ይምጣ" አለችው ሳትዞር።

ኮቴውን በመዳፏ ሸፍና የታጠፈውን እግር ቀስ ብላ አወጣችው። ሁለቱንም በገመድ አሰረች። "ስታምጥ ትስባላችሁ፣ ስታርፍ ታርፋላችሁ። ወደ ታች።"

ሳቡ፤ አረፉ። ሳቡ፤ አረፉ። ዋልልኝ በዕድሜው እንዲህ ረጅም ጊዜ አፉን ዘግቶ አያውቅም። የጥጃው አፍንጫ ወጣ፤ ጆሮው ወጣ፤ ከዚያ ሙሉ ገላው ዝርግፍ ብሎ ወደቀ። አይተነፍስም። ትዕግሥት አፉን ጠርጋ በአንድ ዘለላ ጭድ አፍንጫውን ጎረጎረችው።

ጥጃው አነጠሰ።

"ይማርህ" አለች ፈንታነሽ፣ እንባዋ እየወረደ።

ሞላ እየሳቀ ለጎረቤት ሊያበስር ወጣ። ትዕግሥት እጇን እየታጠበች፣ "አሁኑኑ ይጥባ" አለች። "የእንግዴ ልጁ እስኪወድቅ አትጠብቁ። ጊደር ስለሆነች እንገሯ ጥቂት ነው። ዛሬ የሱ ብቻ ነው፤ ካልጠገበ በሽታ አይችልም።" ሌላ ሰፈር እየጠበቋት ነበርና ቦርሳዋን አንግታ ሄደች።

ባልና ሚስት ተያዩ። በዚያ ሰፈር ላም ስትወልድ የእንግዴ ልጁ ይጠበቃል፤ ከዚያ እንገሩ ታልቦ ይፈላና ጎረቤት ተጠርቶ ይቀምሳል። ቀኑ ደግሞ ፍስክ ነው። ዋልልኝ የማንንም ቤት እንገር ሳይቀምስ ቀርቶ አያውቅም። ዛሬ የለም ቢል ንፉግ ይባላል።

ሞላ ከደጅ ተጣራ። "ዋልልኝ፣ ሰው ተሰብስቧል። ማለቢያው የት ነው?"

"ሐኪሟ ያለችውን ንገራቸዋ" አለች ፈንታነሽ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ሞላን አታውቂውም? እስኪመሽ ይሟገተኛል፤ እስከዚያ ሌላው ያልባል።"

ዋልልኝ ጎንበስ ብሎ እርጥቡን ጥጃ አቀፈና አፉን ከቦራ ጡት ጋር አገናኘው። ጥጃው ተንገዳገደ፤ ሳተ፤ ደግሞ አገኘው፤ ጎትቶ ይምግ ጀመር። ፈንታነሽ ማለቢያውን አንስታ አፉን ወደ መሬት ደፋችው።

ዋልልኝ ከሌላ ጡቷ ጠብታ ጨምቆ በጣቱ ጢሙን ቀባ፤ ወፍራም፣ ቢጫ እንገር። ከዚያ ጎረቤቶቹ ወደ ቆሙበት ወጣ።

"ይቅርታችሁን፤ አስችሎኝ አይደለም" አለ ከንፈሩን እየላሰ። "ሁሉንም ጠጣሁት።"