ጀማነህ ያላነበበው ገጽ

ጀማነህ በቤተ ክርስቲያኑ ሰው ዘንድ ስሙ ሲነሳ «ግሪክኛ አዋቂው» ይባላል። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ በገባ ሰሞን አንዱ ስለ አቴንስ ቢጠይቀው «እዚያ ተምሬያለሁ» ብሎ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አላጣራም፤ እሱም አላረመም።

አንድ ቅዳሜ፣ ዩኒቨርሲቲ ግሪክኛ የምትማረው ሔርሞን ወደምትሠራበት ቤተ መጻሕፍት ስምንት መቶ ዓመት ያለፈውን የግሪክኛ ወንጌል ልታሳያቸው ጀማነህንና ጥቂት ምእመናንን ይዛ ሄደች። ፈረንጇ ኃላፊ ብራናውን ከፍታ አስቀመጠችላቸው። እትዬ መዓዛ ገና ሲያዩት እንባቸው መጣ።

«ጋሽ ጀማነህ ያንብብልን» አሉ።

ጀማነህ አጎንብሶ አየ። አንዲት ፊደል እንኳ አልለየም። ዓይኔ ደከመ ቢል ያልፍለት ነበር። እሱ ግን ጣቱን ከገጹ በላይ ከግራ ወደ ቀኝ እየነዳ፣ ድሮ አቴንስ አጠገብ ፒሬየስ ወደብ ሳለ ለፋሲካ ሲነበብ ሰምቶ በቃሉ የያዘውን የዮሐንስ ወንጌል መጀመሪያ አንበለበለው። መዓዛ ቪዲዮ እየቀረጹ አለቀሱ። ኃላፊዋ ግራ ገብቷት ሰውዬው ምን እያለ እንደሆነ ሔርሞንን ጠየቀቻት። ልጅቷ ገጹን አየች፣ እሱን አየች፤ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ በእንግሊዝኛ «እየጸለዩ ነው» አለቻት።

ጀማነህ ሰማት። ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ።

ፓርኪንጉ ላይ ለብቻዋ አገኛት። «ገጹ ምን ይላል?»

«የማቴዎስ ነው ጋሼ። የአብርሃም የዘር ሐረግ፤ ስም ብቻ ነው።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«እትዬ መዓዛ እያለቀሱ ነበር» አለችና መሬት መሬቱን አየች። በልጅ ፊት እንዲህ አንሶ አያውቅም። መንገዱን ሁሉ ሬዲዮ ሳይከፍት ነዳ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ተነስቶ ቆመ። ግሪክኛ እንደማያነብ፣ አቴንስ ትምህርት ቤት ደጅ እንዳልረገጠ፣ ወደቡ ላይ ምግብ ቤት ውስጥ ሰሃን ያጥብ እንደነበር ተናገረ። አንዳንዱ ወደ ጫማው አቀረቀረ። አንዱ «ምንም አይደል» አለ፤ ይሄ ደግሞ ባሰበት።

መዓዛ አልተቆጡም። «ቪዲዮውን አዲስ አበባ ለታመመች እህቴ ልኬዋለሁ» ብቻ አሉ። «ቀን ከሌት ትሰማዋለች።»

«ይደውሉልኝና እኔው ልንገራት።»

መዓዛ ጥቂት አመነቱና ደውለው ስልኩን ሰጡት። ከወዲያ ማዶ የደከመ ድምፅ «አቤት» አለ። ጀማነህ መጀመሪያ ስሙን ተናገረ።