ስድስተኛው ጥቅል

ልብስ ሰፊው እንደሚለው፣ ፊልሙ ላይ በሩ ሲከፈት የቤቱ ባለቤት የሞተች እህት ጀርባዋን ሰጥታ ፀጉሯን እያበጠረች ቆማለች። የሟቹ ሴት ልጅ አክስት ደግሞ እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው የሚባል የለም፣ ብቻውን የሚወዛወዝ ወንበር ነው ያለው ትላለች። ሁለቱም ያንን ጥቁርና ነጭ ፊልም ከሃያ ጊዜ በላይ አይተውታል። ሁለቱም ይምላሉ።

«አንተ እዚያ ቦታ ላይ ዓይንህን ጨፍነህ እንደሆነስ?» አለች አክስቷ፣ የሻይ ብርጭቆዋን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ።

«እትዬ፣ አጠገቤ ተቀምጠው ክንዴን ቆንጥጠውኝ ሳምንት ሙሉ በልዞ ነበር። የጨፈነው ማን ነው?»

ለቀስተኛው ፈገግ አለ፤ የት እንደተቀመጠ ትዝ ሲለው መልሶ ኮስተር አለ። ሦስተኛው የለቅሶ ቀን ነበር። ሟቹ፣ የአክስቷ ወንድም፣ የሲኒማ ቤቱን ማሽን ከሠላሳ ዓመት በላይ ያንቀሳቀሰ ሰው ነው፤ ሰፈሩ ጋሽ ማሽን ይለዋል። በየዓመቱ ዝናብ ሲገባ ያንን ፊልም ያሳይ ነበር። አንዲት ደብዳቤ ጸሐፊ ጭር ባለ ትልቅ ቤት ትቀጠራለች፤ ከደረጃው ጫፍ ያለውን በር እንዳትከፍት ይነገራታል፤ ትከፍተዋለች። ይኸው ነው። ሰዉ ታሪኩን በቃሉ ያውቀዋል፤ ግን ይመጣል። ባለ ቀለሞቹ ፊልሞች መጥተው ሄደዋል፣ ይሄኛው አልሄደም።

የጋሽ ማሽን ሴት ልጅ ጥግ ተቀምጣ ክርክራቸውን ትሰማለች፤ ዓይኗ ግን በኮሪደሩ መጨረሻ ካለው በር አልተነቀለም። የአባቷ መኝታ ክፍል ነው። አስከሬኑ ከወጣ ወዲህ የከፈተው የለም። ትናንት ከሰዓት በኋላ በዚያ ስታልፍ ከውስጥ ወንበር ሲጢጥ ሲል ሰምታለች። አንዴ። ቆየት ብሎ ደግሞ አንዴ። ለማንም አልተናገረችም። የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት፣ ፋርማሲ ቆማ ለሰው መድኃኒት የምትሰጥ፣ ምን ብላ ትናገራለች?

የሲኒማ ቤቱ ኃላፊ መጥቶ ከጎኗ ተቀመጠ። ጊዜው አለመሆኑን እንደሚያውቅ፣ ግን የዘንድሮው ማሳያ የፊታችን ቅዳሜ እንደሆነና ሰዉም ለጋሽ ማሽን መታሰቢያ እንዲሆን እንደሚፈልግ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት። ፊልሙ ስድስት ጥቅል ነው። አምስቱ ሲኒማ ቤት አሉ። ስድስተኛውን፣ በሩ ያለበትን፣ አባቷ ትርኢቱ ባለቀ ቁጥር ብብቱ ሥር ይዞት ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ ይስቅ ነበር። ማሽኑንም ቢሆን አሁን ከእሷ በቀር የሚያውቀው የለም።

«እዚያ ክፍል ይሆን?» አላት፣ በአገጩ ወደ በሩ እያመለከተ።



ፊልሙ ሲመጣ ስድስት ዓመቷ ነበር። እናቷ ከሞተች ገና ዓመት አልሞላትም፤ የሚጠብቃት ስለሌለ ማሽን ክፍሉ ውስጥ ትውላለች። ባዶ የፊልም ሳጥን ላይ ቆማ በትንሿ መስኮት ወደ ሸራው ታያለች። በሦስተኛው ቀን ያ በር ሲከፈት አየች። ምን እንዳየች ዛሬም አታስታውስም፤ ጆሮዋ ውስጥ የቀረው የማጠፊያው ድምፅ ብቻ ነው። አሥራ አንድ ቀን ቃል አልወጣትም።

«አሁን እኮ የለም» ይላት ነበር አባቷ። «አስወጥቼዋለሁ።»

ልጅ ማባበያ መሰላት፤ አላመነችውም። ስለዚህ የበሩ እጀታ መዞር ሲጀምር የፊልም ማጣበቂያ የሚሸት መዳፉ ይመጣና ዓይኗን ይሸፍንላታል። አድጋ ረዳቱ ከሆነች በኋላም ስድስተኛው ጥቅል ሲገባ ወጥታ ደረጃው ላይ ትቆማለች። አንድ ቀን እንኳ ፈሪ ብሏት አያውቅም።

ሲጢጥ።

አሁን ሁሉም ሰማ። ልብስ ሰፊው ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

«እዚያ ሰው አለ እንዴ?» አለ።

አክስቷ ልትነሳ ስትል እሷ ቀድማ ተነሳች። ኮሪደሩ ሰባት እርምጃ ነው፤ ያን ዕለት አላልቅ አላት። እጀታው ቀዝቃዛ ነበር። ስታዞረው ከኋላዋ የሚተነፍስ ሰው ያለ አልመሰላትም። ማጠፊያው ጮኸ።

አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ መስኮቱ ጋ ተቀምጧል።

የበሩን ጠርዝ ያዘች። ትከሻውን አወቀችው። ራስ ግን አልነበረውም። የአባቷ ካፖርት ነው፣ የወንበሩ መደገፊያ ላይ እንደተሰቀለ። መስኮቱን የዘጋው አልነበረም፤ ነፋሱ መጋረጃውን ሲገፋው አንድ እግሩ ያጠረው ወንበር ያዘነብላል፣ መልሶ ይቆማል።

ጥቅሉ አልጋው ሥር ነበር። ክዳኑን ስትከፍት ከላዩ የቫዝሊን ቆርቆሮ የምታህል ሌላ ቆርቆሮ አገኘች፤ ውስጧ የተጠቀለለ የፊልም ቁራጭ አለ። የሙያው ሰው የቆረጠውን ሁሉ ይመዘግባል፤ አባቷም ክዳኗ ላይ መዝግቧል። ሳሎን ተመልሳ ጮክ ብላ አነበበችው።

«ስድስተኛ ጥቅል። በሩ ከተከፈተ በኋላ፣ ሰባት ሰከንድ። በመጣ በአራተኛው ቀን ተቆረጠ። ምክንያት፦ ልጄ ፈራች።»

ልብስ ሰፊው በጣቶቹ ቆጠረ። እሱና አክስቷ ፊልሙን መጀመሪያ ያዩት በመጣ በዓመቱ፣ ከተቆረጠ በኋላ ነው።

«ታዲያ እኔ ያየሁት ምንድን ነው?» አለች አክስቷ፣ በቀጭን ድምፅ። ነጠላዋን ወደ አንገቷ ሳበች።

ኃላፊው ግን ፊቱ በርቶ ነበር። ቁራጩ ተመልሶ ይቀጠል አለ፤ ለሠላሳ ዓመት የተደበቀ ነገር ሲታይ ከተማው ግልብጥ ብሎ እንደሚመጣ፣ የፊልሙ ሠሪዎችም ያሰቡት ያንኑ እንደነበር አስረዳ። ነገሩ እውነት አለው፤ እሷም ይህን አልካደችም። ቆርቆሮዋን ግን በመዳፏ ሸፈነቻት፣ ትንሽ ልጅ ዓይን ላይ እጅ እንደሚደረግ።

አክስቷ ክንዷን ያዘቻት። «ተይው የኔ ልጅ። ቁራጩ ላይ ያለው ወንበር ባይሆንስ?»

እሷ ቆርቆሮዋን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ዞረች።

«ቅዳሜ እኔ ነኝ የማጫውተው» አለች። «እሱ እንደቆረጠው ይታያል፤ አንድ ሰከንድ አልጨምርበትም። ይቺን ቁራጭ ግን አሁን እሱ ክፍል ገብቼ፣ መስኮቱ ጋ ተቀምጬ፣ ብርሃን ላይ ይዤ ብቻዬን አያታለሁ። በሩንም እዘጋዋለሁ።»