የአርሊን አለቃ

ሊሮይ ክሬቺ ዓይኑን በጨው የታጠበ ሰው መሆኑን አርሊን ኮፔትስኪ ድሮም ታውቃለች። የማታውቀው ጨውንም ለብቻው እንደሚያስከፍል ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ ለጣሪያው ማሳደሻ ኮላች ዳቦ ሲሸጥ ነው። ሊሮይ በፕላት ወንዝ ዳር ባለችው ከተማቸው ያለው ብቸኛ የአዲስ መኪና ነጋዴ ነው። ብሉጄይ የተባለው ጣሪያው የሚከፈት ሰማያዊ መኪና ሊወጣ ዓመት ሲቀረው፣ ጣቱ ላይ ማርማላታ እንደተለጠፈ እጇን ጨብጦ፣ «አርሊን፣ የመጀመሪያው ያንቺ ነው። ፋብሪካው በቆረጠው ዋጋ፤ ሳንቲም አልጨምርም» አላት። በዚያ አገር የተጨበጠ እጅ ከተፈረመ ወረቀት ይበልጣል ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ይህን የሚለው ሊሮይ ነው።

አርሊን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ፣ የሰው ልጅ ስታመላልስ ኖራለች። የቤቱን መኪኖች ሁሉ የመረጠው ሟች ባሏ ኤሚል ነው፤ ኤሚል ነፍሱን ይማረውና፣ ግራጫ ካልሆነ መኪና አይመስለውም ነበር። አሁን የራሷን፣ ሰማያዊውን ፈለገች። የዓይን ሐኪሟ ደግሞ፣ «ሁለት በጋ ቢነዱ ነው፤ ከዚያ መሪውን ለሰው ይለቃሉ» ብሏታል። ይህን ያወቀችው እህቷ ዶት ብቻ ናት።

በጋው እንደገባ መኪናው መጣ። መስታወቱ ላይ ከፋብሪካው ዋጋ አጠገብ ሌላ ወረቀት ተለጥፏል፦ የገበያ ማስተካከያ፣ አሥራ ስምንት ሺህ ዶላር። ገበያው ምን ሆኖ እንደሚስተካከል አልተጻፈም። ከሥሩ ደግሞ ጎማው ውስጥ ለተሞላው አየር ለብቻው ዋጋ ተቆርጧል።

ሻጩ ራንዲ ነው፤ በልጅነቱ በአርሊን አውቶቡስ ውስጥ በየሳምንቱ የሚያስታውከው ራንዲ።

«ወይዘሮ አርሊን፣ በእኔ ቢሆንማ ለእርስዎ በነፃ ብሰጥ ደስ ባለኝ» አለ። «ግን ዕቃው የለም። የሌለ ነገር ይወደዳል።»

«ይኸው ቆሟል እኮ።»

«አንድ ብቻ ነው የቆመው።»

«እኔስ ስንት ነኝ? ሊሮይ ቃል ሰጥቶኛል።»

«እስቲ አለቃዬን ላነጋግርልዎት» ብሎ ወደ ቢሮው ገባ።

በቢሮው መስታወት ታየዋለች። ሊሮይ እግሩን ጠረጴዛ ላይ ሰቅሎ ሳንድዊች ይበላል። ራንዲም ቆርሶ ጎረሰ። ወሬው ስለ ዓሣ ሳይሆን አይቀርም፤ ራንዲ እጆቹን ዘርግቶ የሆነ ነገር ርዝመት አሳየ። ተመልሶ ሲመጣ ግን ከለቅሶ ቤት የወጣ መስሎ ነበር።

«ተከራከርኩልዎት፤ አንድ ሺህ አስቀነስኩ። ደሜ ነው የፈሰሰው» አለ። ከንፈሩ ላይ የነበረው ግን ሰናፍጭ ነው።

«እግዜር ይስጥህ። እኔም እስቲ አለቃዬን ላነጋግር» ብላ ወጣች።

አለቃዋ ዶት አሮጌው ግራጫ መኪና ውስጥ የሱፍ ፍሬ እየቆረጠመች ተቀምጣለች።

«አየሩንም ይሸጣሉ» አለች አርሊን።

«እስከ ዛሬ በነፃ የተነፈስነው በስህተት ነዋ።» ዶት ሱፉን ዋጥ አደረገች። «አርሊን፣ ክፈይና ውሰጂ። ያንቺ በጋ ሁለት ነው።»

የኤሚልን ቁጠባ ብታራግፍ ገንዘቡ ይበቃ ነበር። «በነዳሁት ቁጥር ሊሮይ አጠገቤ ይቀመጣል» አለችና ተመለሰች።

አሁን ሊሮይ ራሱ ወጥቶ ጠበቃት። «በእኔ አትፍረጂ አርሊን። ገበያው ነው እጄን የጠመዘዘው» አለ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት እንዲህ ነው።

«የትኛውን እጅህን? የጨበጥከኝን?»

«ያኔ ይህን ያህል ይፈለጋል ብዬ መች ገመትኩ።»

«አለቃዬ አይሆንም ብላለች» አለችው። ቀና ብላ ወጣች፤ ግራጫው መኪና ውስጥ ገብታ በሩን ስትዘጋ ግን አለቀሰች። ዶት ሱፉን አስቀመጠች።

አርሊን ኦማሃ ከተማ ድረስ ለሌሎች መኪና ነጋዴዎች ደወለች። እዚያም ያው ነው፤ ወረቀቱ ብቻ ይረዝማል። ያ በጋ በግራጫ መኪና አለፈ። ብሉጄዩ በሊሮይ መሸጫ መስታወት ውስጥ እንደቆመ በረዶ ጣለ፣ በረዶ ቀለጠ። ፋብሪካው ብዙ ላከ፤ በየከተማው ሰማያዊ ሞላ። የሊሮይ ወረቀት መጀመሪያ አነሰ፣ ቀጥሎ ጠፋ፤ ገዢም አብሮ ጠፋ።

በጸደይ ስልኩ ጮኸ። «አርሊን፣ ቃል ቃል ነው» አለ ሊሮይ። «በፋብሪካው ዋጋ ውሰጂው።»

«እስቲ አለቃዬን ላነጋግር» ብላ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ምን ይላል?» አለች ዶት።

«ቃል ቃል ነው ይላል።»

«ይህን ለማስታወስ ክረምቱን ሙሉ ፈጀበት?»

አንድ አንድ ኮላች በሉ። አርሊን ሳህኑን አጠበች፣ አደረቀች፣ መደርደሪያው ላይ መለሰች። ስልኩ «አርሊን? አርሊን?» ይላል። ከዚያ አነሳችው።

«ተከራከርኩልህ ሊሮይ፤ ደሜ ነው የፈሰሰው። አለቃዬ ከፋብሪካው ዋጋ አምስት ሺህ ካልተቀነሰ አይሆንም ብላለች። የገበያ ማስተካከያ ነው።»

«የምን ገበያ? አሁንማ መኪናው ሞልቷል።»

«የመኪናው አይደለም፤ የእኔ ነው። ሐኪሙ ሁለት በጋ ትነጃለሽ ብሎኝ ነበር። አንዱን መስታወትህ ውስጥ አቁመህ አሳለፍክብኝ። የቀረኝ አንድ ብቻ ነው፤ የሌለ ነገር ደግሞ ይወደዳል ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ ሊሮይ።

«ብነግርህ አሥራ ስምንቱን ሃያ ታደርገው ነበር።»

አላደርግም አላለም። «እስቲ ላነጋግር…» ብሎ ጀመረና ተወው፤ ከእሱ በላይ የሚያነጋግረው ሰው የለም። በዋጋዋ ተስማማ።

መኪናውን ራንዲ ደጃፏ ድረስ አመጣው። «አየሩስ?» አለችው ዶት ጎማውን እያየች።

«በነፃ ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ።

አርሊን ጣሪያውን ከፍታ ወደ ወንዙ ነዳች። ዶት ባርኔጣዋን በሁለት እጇ ይዛለች። መገንጠያው ጋ ሲደርሱ አርሊን ቀስ አለች።

«ዶት፣ ያ ሰሌዳ ምን ይላል?»

ዶት ዞር ብላ አየቻት። ባለፈው በጋ ቢሆን ራሷ ታነበው ነበር። «ወንዙ በቀኝ ነው ይላል» አለች፤ አርሊንም ወደ ቀኝ ታጠፈች።